ወርድ፣ ጎማና ነዳጅ፦ ከ10 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ክርክር

ጥያቄውን የከፈተው ሰው አቋሙን ይዞ ነው የመጣው። መኪና ሊገዛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ይነዳል፣ አልፎ አልፎ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ይወርዳል። ለምርጫ የቀረቡለት ወርዱ 1.695 ሜትር የሆነው ቪትዝና ከእሱ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሌላ መኪና ናቸው። ሙግቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መኪና በ10 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ የሚበላው ነዳጅ በ10 በመቶ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ባጃጅ ትንሽ ነዳጅ የሚበቃው ሦስት ጎማ ስላለው ነው፤ አንድ ጎማ ሲቀነስ ከመሬት ጋር ያለው ሰበቃ በሩብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጠባብ መኪናና ጥቂት ጎማ ምንጊዜም ያተርፋል። ትክክል ነኝ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሃያ አንድ ምላሽ ተከተለ፤ ጥያቄውንና ምላሾቹን አንድ ላይ ክሩ እላቸዋለሁ። በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ ፍሬ ያለበት ላይ እረዝማለሁ፣ የሌለበትን በአጭሩ አልፋለሁ።

ምላሽ 1 በሰላምታ ጀምሮ ጠያቂውን ደገፈ። ጠባብ መኪና ለሰፈር መንገድም ለማቆሚያ ቦታም ይመቻል አለ። እውነት ነው፤ ስለ ነዳጅ ግን ምንም አላስረዳም።

ምላሽ 2 ላይ ስሌት ተጀመረ። ጸሐፊው በጣም ጨዋ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ሙግት ከሥሩ ነቀለው። ወርድ ብቻውን ነዳጅ አይበላም አለ፤ አየሩን የሚገፋው ወርድና ቁመት ተባዝተው የሚሰጡት የፊት ገጽ ነው። የቪትዙን 1.695 በ1.52 ሜትር አባዛ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ስለሆኑና ከሥሩ ክፍት ስለሆነ በ0.84 አባዛው፤ 2.16 ካሬ ሜትር አካባቢ መጣ። ሲዲ የሚባለውን የቅርጽ ቁጥር (ሲያንስ መኪናው አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል) 0.31 ያዘ፤ መኪናው ከነሰዎቹ 1,200 ኪሎ፣ የጎማው የመንከባለል ቁጥር፣ ማለትም መንከባለሉ ከክብደቱ የሚወስደው ድርሻ፣ 0.011 ይሁን አለ። ከዚያ ክሩን ሁሉ የተሸከመውን ነጥብ አመጣ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው። በ18 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.92 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ በባሕር ጠለል ግን 1.2 ኪሎ ገደማ ነው።

ሲደማመር እንዲህ ሆነ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የአየሩ ጫና 59 ኒውተን (ኒውተን የግፊት ኃይል መለኪያ ነው)፣ የጎማው የመንከባለል ጫና 130 ኒውተን ነው። በ100 ኪሎ ሜትር አየሩ ወደ 238 ይወጣል፣ ጎማው ግን እዚያው 130 ላይ ነው። ሁለቱ የሚተካከሉት በ74 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ባለችው ሞቃት ጂቡቲ ቢነዳ በ66 አካባቢ ይተካከሉ ነበር። ቁመቱ ሳይለወጥ ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር የፊት ገጹ በ5.9 በመቶ ያድጋል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 14 ኒውተን ነው፤ ሞተሩ ከቤንዚኑ ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ከተቆጠረ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 0.17 ሊትር ይሆናል። በሊትር 15 ይሄድ የነበረው 14.6 ይሄዳል ማለት ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ልዩነቱ 0.04 ሊትር ብቻ ነው።

ምላሽ 3 ይህንን ተቀብሎ አንድ ነገር አረመ፦ ከተማ ውስጥ በ50 ኪሎ ሜትር ሳይቆራረጥ የሚነዳ ሰው የለም። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይበላል። በሰዓት 0.6 ሊትር ብንል፣ ያ 0.04 ሊትር ማለት መገናኛ መብራት ላይ አራት ደቂቃ ከመቆም አይበልጥም። ስለዚህ ለከተማ ነጂ የወርዱ ጉዳይ ከመኪናው ክብደት፣ ከጎማው ንፋስና ከአነዳዱ ኋላ ይመጣል አለ። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ አብቅቷል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጎማ ነገር ነው፤ እሱም ይበልጥ ሀብታም ነው።

ምላሽ 4 ባጃጁን ያዘ። የመንከባለል ጫና የክብደት ብዜት እንጂ የጎማ ቁጥር ብዜት አይደለም አለ። 600 ኪሎ በሦስት ጎማ ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ 200 ይሸከማል፣ በአራት ላይ ቢያርፍ 150፤ ድምሩ ያው ነው። እንዲያውም የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው፤ ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይበልጥ ይገባል፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይበልጥ ይዞራል፣ ስለዚህ የመንከባለል ቁጥሩ ከመኪና ጎማ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ባጃጅን ቆጣቢ ያደረጉት ሌሎች ናቸው፦ አንድ ሲሊንደር ያለው 200 ሲሲ አካባቢ የሆነ ሞተር፣ 350 ኪሎ አካባቢ ባዶ ክብደትና ዝግ ያለ ፍጥነት። ማስረጃው ያው ፋብሪካ የሚሠራው ባለ አራት ጎማው ኪውት ነው አለ፤ ወርዱ 1.31 ሜትር፣ ሞተሩ 216 ሲሲ ሆኖ አምራቹ በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ይላል። አራተኛው ጎማ አላከሰረውም።

ምላሽ 5 ከምላሽ 4 ጋር በከፊል ተጣላ፤ በአስፋልት ትክክል ነህ፣ በጭቃ ግን አይደለህም አለው። ባለ አራት ጎማ መኪና ለስላሳ መሬት ላይ ሁለት ፈር ብቻ ይቀዳል፤ የኋላ ጎማው የፊተኛው በጠቀጠቀው ላይ ስለሚሄድ ያነሰ ኃይል ይበቃዋል። ባለ ሦስት ጎማ ግን ሦስት ፈር ይቀዳል፤ የፊቱ ጎማ ለብቻው፣ የኋላዎቹም ለየብቻቸው ያልተረገጠ መሬት ይሰነጥቃሉ። በክረምት ጥቁር አፈር ላይ ባጃጅ ቶሎ የሚያዘው በዚህም ጭምር ነው። መኪኖች በቀደዱት ፈር መሃል ያለው ከፍታ ላይ የሚወጣውም የፊት ጎማው ነው። ይህ ምላሽ ከተሰጡት ሁሉ አጭሩ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የጎማ አቀማመጥ በቁጥሩ ሳይሆን በፈሩ እንደሚለካ ያሳየ እሱ ብቻ ነው።

ምላሽ 6 ረጅም ነው፤ ጸሐፊው የመኪና ታሪክ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የኋላ ጎማዎችን ከፊቶቹ ይልቅ ማጥበብ የቆየ ዘዴ መሆኑን በምሳሌ ዘረዘረ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ሲትሮየን ዲኤስ ትራኩ፣ ማለትም በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለው ርቀት፣ ከፊት 1.50 ከኋላ 1.30 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው የጄኔራል ሞተርስ ኢቪ 1 የኋላ ትራኩ ከፊቱ በ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠብ ነበር፤ ሲዲው 0.19። የመጀመሪያው ሆንዳ ኢንሳይት በ11 ሴንቲ ሜትር ይጠባል፤ የኋላ ጎማዎቹ በሽፋን ተጋርደው ሲዲው 0.25 ነበር። ምክንያቱን በደንብ አስረዳ፦ አየሩን ከፊት መቅደድ ከሚያስከፍለው ይልቅ ከኋላ የሚተወው ባዶ ቦታ ይበልጥ ይጎትታል። አካሉ ወደ ኋላ እየጠበበ ሲሄድ አየሩ ሳይላቀቅ ይዘጋል፤ ጎማዎቹ ሰፍተው ከቆዩ ግን አካሉ ሊጠብ አይችልም።

ቀጥሎ ከቮልስዋገን ሁለት መኪኖችን አነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታየው በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ብቻ እንዲበላ የታቀደው የሙከራ መኪና ወርዱ 1.25 ሜትር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀመጣሉ፣ ክብደቱ 290 ኪሎ፣ ሲዲው 0.159። የኩባንያው መሪ የነበረው ፈርዲናንድ ፒየኽ ከቮልፍስቡርግ ሃምቡርግ ሲነዳው በ100 ኪሎ ሜትር 0.89 ሊትር በላ። በኋላ ለገበያ በ250 ቁጥር ብቻ የተሠራው ኤክስኤል 1 ግን ወርዱ 1.665 ሜትር ነው፣ ማለትም ከቪትዙ የሚያንሰው በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ቁመቱን ወደ 1.15 ሜትር አውርደው፣ የተሳፋሪውን ወንበር ከሹፌሩ ትንሽ ወደ ኋላ ገፍተው፣ የፊት ገጹን 1.5 ካሬ ሜትር አካባቢ አደረጉት። የፊት ጎማው 115/80 አር 15 ነበር፤ ማለትም ወርዱ 115 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ የግድግዳው ከፍታ የወርዱ 80 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች። ጸሐፊው ከዚህ ያወጣው ፍርድ፣ ወርድን ከመቀነስ ቁመትን መቀነስና ጅራቱን ማጥበብ ይበልጣል የሚል ነው። እኔም እስማማለሁ፤ ጠያቂው ስለ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ሲጨነቅ ስለ ቁመት አንድም ቃል አለማንሳቱ ትልቁ ክፍተቱ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክሩ በወንድምነት ነበር የሄደው። ምላሽ 7 ግን ቆጣ ብሎ ገባ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ መኪና እያነሳችሁ ሰው ትራክ አጥብብ እንዳትሉት አለ፤ መገልበጥ የሚባል ነገር አለ። ስሌቱን አስቀመጠ፦ ትራኩን ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ማካፈል፤ ውጤቱ መኪናው ለመገልበጥ ከክብደቱ ምን ያህል የጎን ግፊት እንደሚበቃው ይናገራል። ትራኩ 1.47 ሜትር የሆነ ጠባብ ሚኒባስ ማዕከሉ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን 0.92 ይመጣል። ፖርቶመጋላው ላይ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ጆንያ ሲደረደርና ማዕከሉ ወደ 95 ሲወጣ 0.77 ይሆናል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ሳይንሸራተት የሚይዘው የጎን ግፊት የክብደቱ ከ0.8 እስከ 0.9 ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጭነት መኪናው ኩርባ ላይ ሳይገለበጥ ይንሸራተታል፤ በሁለተኛው ሳይንሸራተት ይገለበጣል። ባለ አንድ የፊት ጎማ ደግሞ ፍሬን ተይዞ ሲታጠፍ ክብደቱ ድጋፍ ወደሌለው የፊት ጥግ ስለሚሄድ የባሰ ነው። በዚያው አያይዞ የተናገረው ለነዳጅም ይጠቅማል፦ ባዶ ፖርቶመጋላ እንኳ በፍጥነት መንገድ ላይ ጠያቂው የሚፈራውን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያስከፍል ይችላል፤ በአራት ብሎን የሚወርድ ነገር ነው።

ምላሽ 8 ላይ የምላሽ 6 ጸሐፊ ተመልሶ እኔ ማንንም ትራክ አጥብብ አላልኩም ብሎ ቅር መሰኘቱን ገለጸ። ልክ ነው፤ አላለም። ግን የምላሽ 7 ማስጠንቀቂያም መጻፍ ነበረበት።

ምላሽ 9 ወደ ጎማ ወርድ መለሰን፤ በክሩ ውስጥ ለተራ ባለመኪና ከሁሉ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ስለሚነካ ብዙ ነዳጅ ይበላል ይላል። የሚነካው ስፋት የሚወሰነው በዋናነት በክብደቱና በጎማው ንፋስ ነው። ንፋሱ እኩል ከሆነ ሰፊው ጎማ በጎን ሰፋ፣ በርዝመት አጠር ያለ አሻራ ያሳርፋል፤ አሻራው ሲያጥር ጎማው የሚታጠፈው ያነሰ ስለሚሆን የመንከባለል ጫናው እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ነዳጁን የሚወስነው ላስቲኩ የተሠራበት ቅመምና የጥርሱ ጥልቀት ነው። ሰፊ ጎማ የሚያከስረው በሌላ መንገድ ነው፦ ከነቸርኬው ይከብዳል፣ አየርም ይበልጥ ያውካል። ቢኤምደብልዩ በአይ 3 ላይ 155/70 አር 19 የገጠመው ለዚህ ነው፤ ዲያሜትሩ ትልቅ ስለሆነ አሻራው ረጅምና ቀጭን ሆኖ መሬት ይይዛል፣ ትልቅ ክብም ጉድጓድ ላይ በቀላሉ ይንከባለላል፣ ፊቱም ለአየር ጠባብ ነው።

ምላሽ 10 ይህንን አላመነም። የሚያውቀው ቪትዝ ከ165/70 አር 14 ወደ 185/60 አር 15 ከተቀየረ ወዲህ ነዳጁ በ5 በመቶ ጨምሯል፤ ወሬ ተዉ፣ ሰፊ ጎማ ይበላል አለ። ምላሽ 11 ጠንከር ብሎ መለሰለት፤ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ስሌቱ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ጎማ ዲያሜትር 586.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ኢንች ሲባዛ በ25.4፣ ሲደመር ሁለት ጊዜ 115.5። ሁለተኛው 603 ነው። ልዩነቱ 2.8 በመቶ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ 100 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናው 102.8 ሄዷል። ተጨመረ ከተባለው 5 በመቶ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የቆጣሪው ስህተት እንጂ የሞተሩ ነዳጅ አይደለም። የቀረውን ደግሞ በክብደቱ አስረዳ፦ በእያንዳንዱ ጎማ 3 ኪሎ ቢጨመር 12 ኪሎ ነው፤ የሚሽከረከር ክብደት ስለሆነ ለማስነሳት 20 ኪሎ ያህል ይሰማል። በየመብራቱ እየቆመ ለሚነሳ መኪና ይህ ቀላል አይደለም፤ ለአዳማ መንገድ ግን ምንም አይደለም።

ምላሽ 12 ጎማ ወደ ውጭ የሚያስወጡትን ገሠጸ። የቸርኬው ኢቲ (የመግጠሚያ ፊቱ ከቸርኬው ወርድ መሃል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) ከ45 ወደ 25 ሲወርድ ወይም ቸርኬው በሚታሰርበት ሃብና በቸርኬው መሃል 20 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባ እያንዳንዱ ጎማ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይወጣል። ትራኩ በ4 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ማማሩን ለባለቤቱ ተወው። ጎማው ከፓራፋንጎው (ከጎማው መከለያ) ውጭ ሲወጣ ግን የሚሽከረከረው ላስቲክ በቀጥታ አየር ይመታል። ኩሽኔታው ያልታሰበለትን ጎን ስለሚሸከም ቶሎ ይጮኻል፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ጎን ይሳባል፤ መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝም የጎማው ትከሻ ፓራፋንጎውን ይነካል። መሃሉ በሃቡ ልክ ያልተቆረጠ ስፔሰር ከሆነ ደግሞ ክብደቱ በሙሉ ብሎኖቹ ላይ ስለሚያርፍ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መጨረሻው የብሎን መበጠስ ነው።

ምላሽ 13 በጋራዥ ሥራ የተፈተነ እጅ ያለው ሰው የጻፈው ነው፤ ወርድ ወርድ ስትሉ ጎማችሁ ወዴት እንደሚያይ አታውቁም አለ። የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ካልሄዱ እየተጎተቱ ይሄዳሉ፤ ጉተታውም በማዕዘኑ ካሬ ያድጋል። እያንዳንዱ ጎማ በአንድ ዲግሪ ቢያፈነግጥ በትንሽ መኪና ላይ በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ይጨመራል፤ ምላሽ 2 ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያስከፈለው 14 ነበር። ይኸኛው ደግሞ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም አይቀርም። በግማሽ ዲግሪ ግን ወደ ሩቡ ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቁን ስህተት ማስወገድ ዋናው ጥቅም ነው፣ የመጨረሻዋን ሚሊ ሜትር ማሳደድ አይደለም።

ያለ ማሽን እንዴት እንደሚለካም አሳየ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ የጎማው ንፋስ ይስተካከላል። የፊቱ በክሪክ ተነስቶ እያንዳንዱ ጎማ በእጅ እየተሽከረከረ፣ በማይነቃነቅ ነገር ላይ በተደገፈ ሚስማር ጥርሱ መሃል ላይ ቀጭን መስመር ይጫራል፤ መስመሩ እንዲታይ አስቀድሞ ጠመኔ ይቀባል። መኪናው ይወርድና መሪው ቀጥ እንዳለ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ከተመለሰ ልኩ ይበላሻል። ከዚያ በሃቡ ከፍታ ልክ፣ ከጎማዎቹ ፊት ለፊትና ከኋላቸው፣ በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ለብዙ ትንንሽ መኪኖች ልዩነቱ ከ0 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። 58 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ጎማ አንድ ዲግሪ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በሁለቱ 20 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ ነዳጅም ጎማም እየተበላ ነው። የሚስተካከለው መሪውን ከጎማው በሚያገናኘው ዘንግ፣ በታይሮዱ ነው፤ መሪው መሃል ላይ እንዲቀር በግራና በቀኝ እኩል ይዞራል። ሜትር ለሌለው ደግሞ መዳፍ ይበቃል፦ ጥርሱን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሱት፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዛችሁ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ፣ ወጥቷል።

ምላሽ 14 ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ማደያ ሰልፍ ነው፤ ከቁም ነገሩ ስለወጣ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 15 ውይይቱን ወደ ከባድ መኪና ወሰደው። የጂቡቲ መስመር ሰው ስለ ወርድ ሲከራከር ያስቃል አለ፤ አጻጻፉ ንቀት ቢኖርበትም ስሌቱን መካድ አይቻልም። 40 ቶን ከጂቡቲ ወደብ አዲስ አበባ ሲወጣ ከፍታው ብቻ 920 ሜጋ ጁል ይፈልጋል። ሞተሩ ከናፍጣው 40 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ ይህ 64 ሊትር ነው፤ መኪናው ቢጠብ ቢሰፋ አይለወጥም። በዚህ ክብደት በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ የጎማው ጫና ከአየሩ ይበልጣል። ስለዚህ ለከባድ መኪና የአክስልና የጎማ አደራደር ዋናው ጥያቄ ነው። ከስድስት የጎማ ቦታ አራቱን ሞተሩ የሚነዳው 6 በ4 መኪና ሁለቱን ብቻ ከሚነዳው 6 በ2 ይልቅ አንድ ተጨማሪ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል ማርሽ፣ እና መሃል ላይ ሌላ ዘንግ ያሽከረክራል፤ ዘይት ሲያማስል የሚጠፋው ኃይልና ክብደቱ ተደምሮ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነዳጅ ያስከፍላል። ነገር ግን ባዶውን እርጥብ ዳገት ላይ ወይም ጭቃ የኮንስትራክሽን ቦታ ውስጥ የሚገባ መኪና 6 በ4ን ሊተው አይችልም።

መንታ ጎማ ላይም ቆየ። በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ሲኖር አራት የጎማ ግድግዳ ይታጠፋል፤ በአንድ ሰፊ ጎማ ቢተካ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ሰፊው ይቆጥባል፣ ይቀላልም። ሲፈነዳ ግን ጭነቱን ይዞ እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያደርስ ጓደኛ የለውም፤ በየመንገዱ ያለው ጎሚስታም መጠኑን አይዝም። መንታውን የያዘ ሰው ሁለቱን ማመሳሰል አለበት፦ የዲያሜትራቸው ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ትልቁ ሸክሙን ይወስዳል፣ ትንሹ እየተንሸራተተ ይጎተታል። አዲስና የተበላ ጎማ ጎን ለጎን ማሰር ነዳጅ ማቃጠል ነው። የውስጠኛው ንፋስ ደግሞ ቫልቩን ለመድረስ ስለሚያስቸግር ሳይታይ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈነዳው እሱ ነው።

ምላሽ 16 ተሳቢ ላይ ያለው የሚነሳ አክስል ባዶ ሲኬድ ቢነሳ የጎማ ጫናው በሦስተኛ ይቀንሳል አለ። ምላሽ 17 ይህንን አልማረውም፤ ምላሽ 4ን አላነበብክም ብሎ ወቀሰው። ክብደቱ ያው ከሆነ ሁለቱ አክስሎች የሦስተኛውን ድርሻ ይሸከማሉ፤ ቅናሹ ትንሽ ነው። እውነተኛው ትርፍ ሌላ ነው፦ ሦስት ተከታታይ አክስሎች ሲታጠፉ የፊቱና የኋላው በጎን ይፋቃሉ፤ አንዱ ሲነሳ ፍግፈጋው ይቀንሳል፣ ጎማውም ዕድሜ ያገኛል። በዚያው ስለ ንፋስና ከፍታ ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ። አዲስ አበባ በ18 ዲግሪ 32 ፒኤስአይ የተሞላ የቤት መኪና ጎማ ጂቡቲ በ40 ዲግሪ ሲለካ ያው 32 አካባቢ ያሳያል፤ ሙቀቱ ያሳድገዋል፣ የውጩ አየር መክበድ መልሶ ያወርደዋል። 110 የተሞላ የከባድ መኪና ጎማ ግን ወደ 115 ይወጣል። ሙቅ ሆኖ ከፍ አለ ብሎ መንገድ ላይ የሚያስተነፍስ ሹፌር ተመልሶ ሲወጣ በጎደለ ጎማ ነው ዳገቱን የሚገፋው።

ምላሽ 18 ኤሌክትሪክ መኪናን አነሳ። በ2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የብዙ ገዢ ምርጫ ይኸው ስለሆነ ቦታው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱን በከፊል መልሶ ወደ ባትሪው ስለሚያስገባ ክብደት የሚያስከፍለው ይቀንሳል፤ አየርና ጎማ የበሉት ግን አይመለስም፣ ስለዚህ ድርሻቸው ይጎላል። የምላሽ 2ን 14 ኒውተን ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጠው በ100 ኪሎ ሜትር 0.46 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ መጣ። የቮልስዋገኑ አይዲ 4 ወርዱ 1.85 ሜትር፣ ቢዋይዲ ሲገል 1.715 ነው። አይዲ 4 በብዙ እትሞቹ ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ጎማ ያስራል፤ የሚነዳው ከኋላ ነውና። የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር ስለማይቻል የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ ገዢው ይህንን አስቀድሞ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ብሏል።

ምላሽ 19 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ወርዱን መፍራት ትቷል፤ ግን የአንዱን መኪና ከሌላው ሳይነዱ በስሌት ብቻ መምረጥ ይከብዳል፣ በራሴ እንዴት ልፈትን አለ።

ምላሽ 20 ሁለት ፈተና ሰጠው። አንዱ ሙሉ ለሙሉ ነው፦ በአንድ ማደያ፣ በአንድ ፓምፕ፣ መኪናው በአንድ አቅጣጫ ቆሞ ይሞላል፤ ማቆሚያው ጠቅ ሲል ይበቃል፣ አይጨመርበትም። አዳማ ደርሶ መልስ ተነድቶ እዚያው ይሞላል። መሄጃ ብቻ ተለክቶ አይፈረድም፤ አዳማ ከአዲስ አበባ 640 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ሲመለስ ከፍታው ብቻ ወደ አንድ ሊትር ይበላል። ሁለተኛው ማንሸራተት ነው። ጎማው ከሞቀ በኋላ፣ ሰውና መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ ደልዳላ መንገድ፣ በ65 እየተነዳ ወደ ኑል ይገባል፤ ሞተሩ አይጠፋም፣ ፍሬኑና መሪው ይፈልጉታልና። ከ60 ወደ 40 ለመውረድ የፈጀው ጊዜ በስልክ ይያዛል። ከላይ ለተሰላው መኪና 36 ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። በሁለቱም አቅጣጫ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል፤ ዓይን የማያየው ግማሽ በመቶ ቁልቁለት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ካለው የአየር ጫና ጋር እኩል ነውና። ጊዜው በጣም ካጠረ መጀመሪያ የሚታየው የጎማው ንፋስ ነው፤ ከ32 ወደ 24 ከወረደ የመንከባለል ጫናው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨምራል። ቀጥሎ እጅን ቸርኬው አጠገብ አስጠግቶ ሙቀት ማየት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል።

ምላሽ 21 አጭር ናት፣ የተጻፈችውም ለገዢው ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዛ አራቱን ጎማ በቁጥራቸው አንብብ አለው። በሚነዳው አክስል ላይ አንዱ 165/70 ሌላው 175/65 ሆኖ ከተገኘ ወይም አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ፣ ቀጥ ባለ መንገድም ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ መኪናውም ወደ ትንሹ ጎማ ይሳባል። ሻጩ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሁለቱን ይቀይር፣ ከዚያ የምላሽ 20ው ፈተና ይደረግ።